ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኜ የሊኑክሱን ፓርቲሽን በስህተት አጠፋሁት፤ ይመለሳል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ የምታውቁ እርዱኝ።

ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስ 10 እና ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ ነው) አብረው ተጭነዋል። ዲስኩ አንድ ነው፤ በፓርቲሽን፣ ማለት ለየብቻ በሚሠሩ ክፍሎች፣ ተከፋፍሏል። የሚሽከረከረው ዓይነት ሀርድ ዲስክ ነው፤ ኤስኤስዲ አይደለም። 500 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ግን 465 ሆኖ ይታያል። ሥራዬ የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። የምሠራው ኡቡንቱ ላይ ነው። ዊንዶውስን የምከፍተው ለሂሳብ ፕሮግራሙና ደንበኞች ለሚልኩልኝ አንዳንድ ፋይል ብቻ ነው።

ሲ ድራይቭ ከሞላ ሁለት ሳምንት አልፎታል። መስመሩ ቀይ ሆኖ አፕዴት እንኳ አልጭንም አለኝ። ዲስኩ ላይ የድሮው ኡቡንቱ 18.04 ሳይጠፋ እንዳለ አውቃለሁ። አዲሱን ስጭን «ለማንኛውም ይቆይ» ብዬ የተውኩት ነው፤ 60 ጊጋ ይዟል። እሱን አጥፍቼ ቦታውን ለሲ ልስጥ ብዬ የዊንዶውሱን ዲስክ ማኔጅመንት ከፈትኩ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚታየው ይህ ነበር፦

100 ሜጋ ኢኤፍአይ (ማስነሻው ያለበት)፣ 220 ጊጋ ሲ ድራይቭ፣ 530 ሜጋ ገደማ ሪከቨሪ (የዊንዶውስ መጠገኛ)፣ 60 ጊጋ ስም የሌለው፣ 40 ጊጋ ስም የሌለው፣ 60 ጊጋ ስም የሌለው፣ 85 ጊጋ ዲ ድራይቭ።

ሁለቱ 60ዎች ቁርጥ አንድ ናቸው። ሁለቱም «ሄልዚ፣ ፕራይመሪ ፓርቲሽን» ይላሉ። የፋይል ሲስተም ዓይነት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። እኔ አሮጌው በቀኝ በኩል ያለው መስሎኝ «ዲሊት ቮልዩም» አልኩት። ዊንዶውስ አስጠንቅቆኝ ነበር። ይህን ፓርቲሽን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ሲስተም የሚያውቀው ዳታ ሊኖርበት ይችላል፣ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «የስ» አልኩ።

ከዚያ ሲ ላይ ቀኝ ጠቅ ሳደርግ «ኤክስቴንድ ቮልዩም» አሁንም ግራጫ ነው፤ አይጫንም። ያኔ ነው ሆዴ የፈራው። ሪስታርት አደረግኩ። የግሩብ ሜኑ (ላፕቶፑ ሲነሳ የትኛው ሲስተም ይከፈት ብሎ የሚያስመርጠው) መጣ፤ ኡቡንቱን መረጥኩ። ጥቁር ስክሪን ላይ ቀይ ኮከቦች ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ ከጎናቸው ረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ያለበት መስመር 1 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ጠበቀ። ቆጠራው ሲያልቅ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ውስጥ ገባ።

ያጠፋሁት ሆም ፓርቲሽኔን፣ የግል ፋይሎቼ ያሉበትን ነው። 112 የድምፅ ፋይልና የሰባት ወር ጽሑፍ እዚያ ነበር። ዲ ላይ ቅጂ አለኝ፤ ግን የሦስት ወር አሮጌ ነው። ለነገሩ ዲ ራሱ ከኡቡንቱ ሲከፈት «ማንበብ ብቻ» እያለ አልጽፍም ስላለኝ ነው መገልበጥ ያቆምኩት።

ካጠፋሁ በኋላ ምንም አዲስ ፓርቲሽን አልፈጠርኩም፤ ፎርማትም አላደረግኩም። ሰኞ የማስረክበው ሥራ አለ። ይመለሳል?

መልስ 1

ይመለሳል፣ አይዞሽ። ቴስትዲስክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሺና ጫኚው። ዲስኩን ምረጪ፣ «አናላይዝ»፣ «ክዊክ ሰርች»፣ ሲያገኘው «ራይት»፣ ሪስታርት። አለቀ። ለእኔ ሁለት ጊዜ ሠርቶልኛል።

መልስ 2

እህቴ፣ ከላይ ያለው ወንድማችን መሣሪያውን በትክክል ነግሮሻል። ግን «ራይት» የምትለዋ ላይ ቆም በይ። እኔ እሷን ሳላይ ተጭኜ ከአንድ የጠፋ ፓርቲሽን ወደ ሁለት የጠፋ ፓርቲሽን የሄድኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ምን እንደጠፋ እንረዳ። ዲስክሽ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ስላለው የጂፒቲ ሠንጠረዥ (የፓርቲሽኖቹ ዝርዝር) ነው የሚጠቀመው ብዬ ልነሳ። ሠንጠረዡ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቅጂው ደግሞ መጨረሻው ላይ። ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን ዋናው ነገር ሁለት ቁጥር ነው፤ ከየትኛው ሴክተር (ትንሿ የዲስክ ቁራጭ) ይጀምራል፣ የትኛው ላይ ያልቃል። ዊንዶውስ የፋቀው ያንን መስመር ነው። በሁለቱም ቦታ ስለሚፍቅ መጨረሻ ላይ ያለው ቅጂ አይረዳሽም። ፋይሎችሽ ግን በነበሩበት ተቀምጠዋል። ሁለቱን ቁጥሮች መልሰን ካገኘን ሆምሽ ተመለሰ ማለት ነው።

ዲስክሽ የሚሽከረከረው ዓይነት መሆኑም ጠቅሞሻል። ኤስኤስዲ ላይ አንድ ቦታ ፎርማት ሲደረግ ሲስተሙ ትሪም የሚባል ትዕዛዝ ሊልክ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዲስኩ ራሱ ያንን ቦታ ያጸዳዋል። ያኔ ማዳን በጣም ይከብዳል።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ዊንዶውስን አትክፈቺ። ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሺና «ትራይ» የሚለውን ምረጪ፤ «ኢንስቶል» የሚለውን በጭራሽ እንዳትነኪ። የዲስኩን ያህል ቦታ ያለው ኤክስተርናል ካለሽ መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ቅጂው። ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ስህተት ሁሉ የሚታረም ይሆናል። ኤክስተርናል ከሌለሽ ቢያንስ አሁን ያለውን ሠንጠረዥ ኤስኤፍዲስክ በሚባለው ትዕዛዝ ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጪው። አንድ ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ ነው።

ከዚያ ቴስትዲስክን ክፈቺ። የሠንጠረዡን ዓይነት ሲጠይቅሽ ራሱ የሚጠቁመውን ጂፒቲ ተቀበዪ። «አናላይዝ»፣ ቀጥሎ «ክዊክ ሰርች»። ዲስኩን እያሰሰ የሚያገኛቸውን ይደረድራል። 60 ጊጋው ዝርዝሩ ውስጥ ሲመጣ በቀስት እሱ ላይ ሁኚና «ፒ» ን ተጫኚ። በውስጡ ያሉት ፎልደሮች ከነስማቸው ይወጣሉ። የራስሽን ፎልደር ካየሽ በቃ፣ ያ ነው። በ«ኪው» ወደ ኋላ ተመለሺ።

እዚህ ላይ ነው ቆም በይ ያልኩሽ። ቴስትዲስክ «ራይት» ሲባል አንድ መስመር ጨምሮ አይተውም። ዝርዝሩ ላይ ያለውን እንዳለ አዲስ ሠንጠረዥ አድርጎ ይጽፋል። እሱ ያላገኘው ወይም «ዲ» (የጠፋ) ተብሎ ምልክት የተደረገበት ፓርቲሽን ከሠንጠረዡ ይወጣል። የእኔም የጠፋው እንዲህ ነው። በተለይ ዊንዶውስ የሚያስቀምጣት 16 ሜጋ የኤምኤስአር ፓርቲሽን አለች። ዲስክ ማኔጅመንት አያሳያትም፤ ውስጧም ፋይል ሲስተም የለም። እሷን ሳያገኝ ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ እኔ ብሆን ከቴስትዲስክ የምወስደው ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ነው፤ መነሻና መድረሻ። ወረቀት ላይ ጻፊያቸው፤ ፎቶም አንሺ። ሳትጽፊ ውጪ። ከዚያ ኤፍዲስክን (ሠንጠረዡን በእጅ የሚያርሙበትን ፕሮግራም) ክፈቺና በ«ኤን» አዲስ ፓርቲሽን ፍጠሪ። መነሻውንና መድረሻውን ከወረቀትሽ ስጪው። መነሻው ለ2048 የሚካፈል ቁጥር መሆኑን አረጋግጪ። ልክ 60 ጊጋ ከሆነ ርዝመቱ 125,829,120 ሴክተር መምጣት አለበት።

ኤፍዲስክ ቁጥሮቹን ሲቀበል አንድ ጥያቄ ያመጣል። እዚህ ቦታ ላይ የኤክስት4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ምልክት አለ፣ ላጥፋው ወይ ይላል። መልሱ «ኖ» ነው። ይህች ጥያቄ ራሷ የምሥራች ናት፤ ቁጥሩ ልክ ባይሆን ኖሮ ምልክቱን እዚያ አያገኘውም ነበር። ከዚያ በ«ፒ» ሠንጠረዡን እንዳለ እይው። «ደብሊው» እስክትጫኚ ድረስ ዲስኩ ላይ አንድም ነገር አይጻፍም። ከተጠራጠርሽ በ«ኪው» ውጪ፤ ምንም አልሆነም።

ከጻፍሽ በኋላም አትቸኩዪ። መጀመሪያ ኢቱኤፍኤስሲኬን (የፋይል ሲስተም መመርመሪያውን) ሳያርም እንዲመረምር ብቻ አድርገሽ አስኪጂ። ንጹሕ ነው ካለ «ማንበብ ብቻ» አድርገሽ ክፈችውና ፋይሎችሽን ወደ ፍላሽ ገልብጪ። ያንን ከጨረስሽ በኋላ ነው ሪስታርት።

1 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ያስጠበቀሽ ረጅሙ ድርድር የሆምሽ ዩዩአይዲ (መለያ ቁጥር) ነው። ኡቡንቱ ሲነሳ የሚከፍታቸው ፓርቲሽኖች በተዘረዘሩበት በኤፍኤስታብ ፋይል ላይ የተጻፈውን ይፈልጋል፤ ስላጣው ጠበቀ፤ ሲሰለቸው አቆመ። ዩዩአይዲው የሚኖረው ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ነው። ፓርቲሽኑ በቦታው ሲመለስ እሱም አብሮ ይመለሳል። ኤፍኤስታብን መንካት አያስፈልግሽም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የጀመርኩት።

ኤክስተርናል ስለሌለኝ ሠንጠረዡን ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። ቴስትዲስክ ፍለጋውን ሲጨርስ 60 ጊጋዎቹ ሁለቱም ወጡ። በመጀመሪያው ላይ «ፒ» ስጫን የማላስታውሳቸው የድሮ ፎልደሮች መጡ። በሁለተኛው ላይ ስጫን የራሴ ስም፣ ከሥሩ «ድምፆች» የምትል ፎልደሬ። ስክሪኑን በእጄ ነካሁት።

ደግሞ ያልከው እውነት ነው ወንድሜ። 16 ሜጋዋ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። «ራይት» ብል ኖሮ እሷ ትሄድ ነበር።

ቁጥሮቹን ጻፍኩ፣ ወጣሁ፣ ኤፍዲስክ ከፈትኩ። ራሱ የጠቆመኝ መነሻ ወረቀቴ ላይ ካለው ጋር አንድ ሆነ። መድረሻውን ሰጠሁት። ጥያቄዋ መጣች፤ በቀይ የተጻፈች ናት። «ኤን» ላይ ጣቴን ካደረግኩ በኋላ መልስህን እንደገና ከፍቼ አነበብኩ፤ ከዚያ ተጫንኩ። ምርመራው «ክሊን» አለ። ከፍቼ ቆጠርኩ። 112።

አሁን ሁሉም ፍላሽ ላይ ተገልብጧል፤ ኡቡንቱም እንደ ድሮው ተነስቷል። የምጽፍላችሁ ከዚያው ላይ ነው።

ሲ ድራይቭ ግን እንደሞላ ነው። አሮጌውን ኡቡንቱ በትክክል ላጥፋው? ብቻዬን ለመንካት ፈራሁ። ለምንስ ነው «ኤክስቴንድ» ግራጫ የሆነው?

መልስ 2

እሰይ! ደስ አለኝ።

ግራጫ የሆነው በቦታ ነገር ነው። ዊንዶውስ ሲን የሚያሰፋው ባዶው ቦታ ከሲ ቀኝ ጎን ተጣብቆ ሲገኝ ብቻ ነው። አንቺ ያስለቀቅሽው ሦስት ፓርቲሽን አልፎ ነበር። አሮጌውን ብታጠፊም እንኳ 530 ሜጋዋ ሪከቨሪ መሀል ላይ ቆማለች። ስለዚህ እሷን ወደ ቀኝ ማሻገር ያስፈልጋል።

ከማጥፋትሽ በፊት ግን ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንደኛ፣ አሁን የተነሳሽበት ኡቡንቱ የትኞቹን ፓርቲሽኖች እንደያዘ በኤልኤስቢኤልኬ (ፓርቲሽኖችን በሚዘረዝረው ትዕዛዝ) እይ። ከጎናቸው የተከፈቱበት ቦታ ይጻፋል። ምንም ያልተጻፈበትን 60 ጊጋ ክፈችና ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ኦኤስ-ሪሊዝ የሚለውን ፋይል አንብቢ። 18.04 ካለ እሱ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ሁለቱም ኡቡንቱዎች ኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ ላይ የሚጠቀሙት አንድ ፎልደር ነው፤ ስሙም «ኡቡንቱ»። እዚያ ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ ያላት የግሩብ ፋይል አለች። የምትለው ነገር ቢኖር «ዋናውን ሜኑ እዚህ ዩዩአይዲ ላይ ፈልግ» ነው። ያ ዩዩአይዲ የአሮጌው ከሆነ፣ አሮጌውን ባጠፋሽ ማግስት ሜኑ የለም፤ የግሩብ ባዶ የትዕዛዝ መስመር ብቻ ይመጣብሻል። አሮጌውን አንድ ቀን ከፍተሽ አፕዴት አድርገሽው ከነበረ ይህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፋይሏን ክፈቺና አዲሱ ኡቡንቱ ካለበት ከ40 ጊጋው ዩዩአይዲ ጋር አስተያዪ። ካልገጠመ አዲሱ ላይ ሆነሽ ግሩብን እንደገና ጫኚው፤ ይስተካከላል።

ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ፣ የትዕዛዝ መስመሩን በአድሚኒስትሬተር ከፍተሽ ሪኤጀንትሲን (የዊንዶውስ መጠገኛውን የሚያበራና የሚያጠፋውን ትዕዛዝ) «ዲስኤብል» አድርጊ። የመጠገኛ ፋይሉ ከሪከቨሪ ፓርቲሽን ወደ ሲ ይመጣል። ሲ ስለሞላ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ አስለቅቂለት። ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) በርቶ እንደሆነም እይ። ከበራ ፓርቲሽን ከመንካትሽ በፊት አቁሚው፤ ባለ 48 አኃዙን ቁልፍም እጅሽ ላይ ያዢ።

አሮጌውን አጥፊ። ከፍላሽ ተነስተሽ በጂፓርትድ (ፓርቲሽን በሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ሪከቨሪዋን ወደ ቀኝ ጫፍ ግፊያት። ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ታልቃለች። ቻርጀሩ ተሰክቶ ይሁን፤ ሲያንቀሳቅስ ኃይል ቢቋረጥ ግማሽ እዚህ ግማሽ እዚያ ይቀራል። ከዚያ ወደ ዊንዶውስ ተመልሰሽ ሲን አስፊ፣ ሪኤጀንትሲን «ኢንኤብል» አድርጊ። መጨረሻ ላይ ኡቡንቱ ውስጥ የግሩብን ሜኑ አድሺው፤ የ18.04 መስመር ይጠፋል።

እንደ እኔ ግን 60ውን በሙሉ ለሲ አትስጪ። 40 ጊጋው የሥር ፓርቲሽንሽም አንድ ቀን ይጠብበታል። ያንን ለማስፋት ደግሞ መነሻውን ወደ ግራ መሳብ ነው፤ 40 ጊጋ ሙሉ ይገለበጣል፣ የሰዓታት ሥራ ነው። ዛሬ አያስፈልግም፤ ቦታው ግን ይቀመጥልሽ።

መልስ 3

እኔ የዲ ድራይቩን ነገር ልመልስ፤ ማንም አላነሳውም። ለእኔ የችግሩ ሁሉ ሥር እሱ ነው። ዲ ቢጻፍበት ኖሮ ቅጂሽ የሦስት ወር አሮጌ አይሆንም ነበር።

ምክንያቱ ፋስት ስታርትአፕ ነው። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣ ነው። «ሸት ዳውን» ስትዪው ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፤ የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም) ድራይቮቹንም እንደያዛቸው ይቆያል። ኡቡንቱ ይህን ሲያይ ሌላው ሲስተም ገና አልለቀቀውም ብሎ ለጥንቃቄ «ማንበብ ብቻ» አድርጎ ይከፍተዋል። ትክክል ነው ያደረገው። በኃይል ጽሑፍ ብታስገቢበት ዊንዶውስ ሲነቃ ከያዘው ጋር ይጋጫል፤ ፋይል ይበላሻል። በየድረ ገጹ «ሪሙቭ ሃይበርፋይል በሚል አማራጭ ክፈተው» የሚል ምክር ታገኛለሽ፤ እሱ የተኛውን ዊንዶውስ ይደመስሰዋል። ያልተቀመጠ ሥራ ካለ ይሄዳል።

መፍትሔው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የኃይል ቁልፉ ምን እንደሚያደርግ የሚመረጥበት ገጽ፤ እዚያ የፋስት ስታርትአፕን ምልክት አንሺ። አንዳንዴ ትልቅ አፕዴት ሲጫን ተመልሶ ሊበራ ይችላል፤ እያየሽ። «ሪስታርት» ግን ሁልጊዜ ሙሉ ማጥፋት ነው። ስለዚህ ቸኩለሽ ከሆነ ዊንዶውስን ሪስታርት ብለሽ ከሜኑው ኡቡንቱን ምረጪ፤ ዲ ይጻፍበታል።

ሪከቨሪዋን ከማንቀሳቀስሽም በፊት ይህን አጥፊ። ዊንዶውስ ተኝቶ እያለ የፓርቲሽን ሥራ አይሠራም።

ጠያቂዋ

ጨረስኩ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰውም ይጠቀምበት ይሆናል።

የግሩቧ ፋይል የምትጠቁመው ወደ አሮጌው ነበር! ዩዩአይዲውን ፊደል በፊደል አስተያየሁ፤ የ18.04ቱ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከፍቼው አፕዴት ማድረጌን አሁን ነው ያስታወስኩት። ሳላይ ባጠፋው ኖሮ ለሁለተኛ ጊዜ ጥቁር ስክሪን ፊት ቁጭ እል ነበር። ከ22.04 ላይ ግሩብን እንደገና ጫንኩ፣ ፋይሏን ደግሜ ከፈትኩ፣ ዩዩአይዲው ተቀይሯል። ከዚያ ነው አሮጌውን ያጠፋሁት።

ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ነበር፤ አጠፋሁት። ቢትሎከር የለም። ሪኤጀንትሲ መጀመሪያ እምቢ አለኝ፤ የትዕዛዝ መስመሩን በአድሚኒስትሬተር አልከፈትኩትም ነበር። ሪከቨሪዋን ግን ጥግ ድረስ አልገፋኋትም። ከሲ በኋላ 35 ጊጋ ክፍት ትቼ አስቀመጥኳት። ሲ አሁን 255 ጊጋ ነው። ከሪከቨሪዋ በስተቀኝ 25 ጊጋ ባዶ ቀርቷል፤ ለ40ው ነው፣ ፋታ ሳገኝ እስበዋለሁ።

ዲ ከኡቡንቱ ላይ እየተጻፈበት ነው። 112ቱም ፋይል፣ የሰባቱ ወር ጽሑፍም ዛሬ ተገልብጧል።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ልጨምር። ዊንዶውስ የሊኑክስ ፓርቲሽን ስም አያሳይም፤ የሚያሳየው መጠኑን ነው። እኔን ያሳሳተኝ የሁለቱ መጠን እኩል መሆኑ ነው። እንደገና የምከፍልበት ቀን ከመጣ አንዱን 57፣ አንዱን 63 አደርጋለሁ። እስከዚያው ኤልኤስቢኤልኬ ያወጣውን ዝርዝር በእጄ ገልብጬ ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ምን እንደሆነ ተጽፎበታል።